ሰርጌይ አይዘንስታይን

ሰርጌይ ሚኻይሎቪች አይዘንስታይን (ጃንዩወሪ 22 ቀን 1898 – ፌብሩወሪ 11 ቀን 1948 እ.ኤ.አ.፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 15 ቀን 1890 – የካቲት 3 ቀን 1940 ዓ.ም.) የሶቪየት ኅብረት የፊልም ዳይሬክተር፣ መምህርና የፊልም ንድፈ ሐሳብ ጸሐፊ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በ1925 በሠራው «የጦር መርከብ ፖተምኪን» በተባለው ፊልምና ሞንታዥ ስለሚባለው የምስል አቀናባበር በጻፋቸው ጽሑፎች ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የፊልም ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ፊልም ትርጉም የሚሰጠው እንዴት ነው፣ ከቲያትር፣ ከሥዕልና ከሥነ ጽሑፍ የሚለየው በምንድን ነው፣ በተመልካቹ ላይስ ምን ያደርጋል የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። የአይዘንስታይን መልስ በአንድ መሠረታዊ ሐሳብ ላይ ያርፋል። ይኸውም የፊልም ትርጉም የሚገኘው በአንድ ምስል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ሁለት ምስሎች ሲጋጩ በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ በሚፈጠረው ሦስተኛ ነገር ላይ ነው የሚል ነው።

ይህ ሐሳብ ለፊልም ሠሪው በሰው ስሜትና አስተሳሰብ ላይ ትልቅ ኃይል እንዳለው ያስገነዝባል። የአይዘንስታይን ሕይወትም የዚህ ኃይል ባለቤት ማን ነው በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ያለፈ ነው። መንግሥት ፊልሞቹን አዘዘ፣ አወደሰ፣ ቆረጠ፣ አገደ፣ አንዱንም ጨርሶ እንዳይሠራ ከለከለ። ሃያ አምስት ዓመት ገደማ በዘለቀው የሲኒማ ሕይወቱ ሰባት ረጅም ፊልሞችን ብቻ ጨርሷል። የመጨረሻው ለሕዝብ የታየው እሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ፊልም መሥራት ባልቻለባቸው ዓመታት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ጽፏል።

ልጅነትና ትምህርት

አይዘንስታይን የተወለደው በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ የላትቪያ ዋና ከተማ በሆነችው በሪጋ ነው። አባቱ ሚኻይል አይዘንስታይን መሐንዲስና የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበር። በሪጋ የሠራቸው በቅርጻ ቅርጽ ያሸበረቁ ሕንፃዎች ዛሬም ቆመው ጎብኚዎችን ይስባሉ። እናቱ ዩሊያ ኮኔትስካያ ከሴንት ፒተርስበርግ ሀብታም ነጋዴ ቤተሰብ የመጣች ነበረች። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ተለያይተው እናቱ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ስትመለስ እሱ ከአባቱ ጋር ቀረ። ከትንሽነቱ ጀምሮ ሥዕል መሣል፣ ሰርከስና ቲያትር ማየት ይወድ ነበር። ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛም ተምሯል።

በ1915 የአባቱን ሙያ ተከትሎ በፔትሮግራድ የሲቪል ምሕንድስና ተቋም ገባ። ትምህርቱን ሳይጨርስ የ1917 አብዮት ፈነዳ። በ1918 በፈቃደኝነት ቀይ ጦርን ተቀላቀለ፤ አባቱ ግን የተቃራኒውን ወገን ደግፎ በኋላ ወደ ጀርመን ተሰደደና በ1920 በርሊን ውስጥ ሞተ። ወጣቱ አይዘንስታይን በጦሩ ውስጥ በምሽግ ግንባታ ሠራ፤ ቆይቶም ለወታደሮች የሚቀርቡ ትርኢቶችን መድረክ ማስጌጥና ፖስተር መሣል ጀመረ። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ ብዙ ሰዎች ሆነው በወንዝ ላይ ተንሳፋፊ ድልድይ ሲገጥሙ ማየቱ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ጊዜ ምጣኔ ብዙ እንዳስተማረው ገልጿል። አንድን ሥራ ከተነጣጠሉ ክፍሎች እንደሚገጠም ነገር ማየቱ የምሕንድስና ትምህርቱ የተወለት ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

በ1920 ጃፓንኛ ለመማር ወደ ሞስኮ ሄደ። በመቶ የሚቆጠሩ የጃፓን የጽሑፍ ምልክቶችን ካጠና በኋላ ትምህርቱን ትቶ ወደ ቲያትር ገባ። ያጠናቸው ምልክቶች ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለንድፈ ሐሳቡ ዋና ምሳሌ ሆነው ተመለሱ።

ከቲያትር ወደ ሲኒማ

በሞስኮ ፕሮሌትኩልት በተባለው የሠራተኞች የባህል ድርጅት ቲያትር ውስጥ በመድረክ አስጌጥነት ጀመረ። የታወቀው የቲያትር አዘጋጅ የቭሴቮሎድ ሜየርሆልድ ተማሪም ሆነ። በ1923 የአሌክሳንደር ኦስትሮቭስኪን አንድ የቆየ አስቂኝ ተውኔት ወደ ሰርከስነት ለውጦ አቀረበው። ተዋናዮቹ በገመድ ላይ ይራመዱ፣ ይገለባበጡ ነበር። በትርኢቱ መካከልም «የግሉሞቭ ማስታወሻ» የተባለ አጭር ፊልም ይታይ ነበር። ይህ አጭር ፊልም የመጀመሪያ የፊልም ሥራው ነው።

በዚያው ዓመት ባለቅኔው ቭላዲሚር ማያኮቭስኪ ያዘጋጀው በነበረው «ሌፍ» በተባለ መጽሔት ስለ መስህቦች ሞንታዥ የሚያትት ጽሑፍ አወጣ። መስህብ ያለው የተመልካቹን ስሜት በታሰበበት መንገድ የሚነካ ማንኛውንም የትርኢት ክፍል ነው፤ ድንገተኛ ድምፅ፣ አክሮባት፣ የልብስ ቀለም ወይም አንድ ንግግር ሊሆን ይችላል። እንደ አይዘንስታይን አስተሳሰብ የአዘጋጁ ሥራ ታሪክ መተረክ ብቻ ሳይሆን እነዚህን መስህቦች በቅደም ተከተል ደርድሮ ተመልካቹን ወደ አንድ ድምዳሜ ማድረስ ነው።

በ1924 «የጋዝ ጭምብሎች» የተባለውን ተውኔት በሞስኮ የጋዝ ፋብሪካ ውስጥ አቀረበ። ሙከራው አልተሳካም። ከእውነተኞቹ ማሽኖች አጠገብ የተዋናዮቹ ትወና ሐሰት ሆኖ ታየ። አይዘንስታይን ከዚህ የተማረው እውነተኛውን ዓለም እንደ ጥሬ ዕቃ ሊጠቀምበት የሚፈልግ ሰው ቦታው ሲኒማ መሆኑን ነው።

በዚያን ጊዜ የሶቪየት የፊልም ሰዎች የምስል ቅንብርን ኃይል በሙከራ እየፈተኑ ነበር። ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይን ስሜት የማይነበብበት ፊት ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ከሕፃን ምስል ጋር እንዳቀናበረው ይነገራል። ፊቱ ያው ነበር፤ ተመልካቾች ግን በፊቱ ላይ ረሃብ፣ ሐዘንና ደስታ አነበቡ። አይዘንስታይን በኩሌሾቭ ዘንድ ለአጭር ጊዜ ተምሯል። ከፊልም አቀናባሪዋ ኤስፊር ሹብ ጋርም ሆኖ የጀርመናዊውን ፍሪትዝ ላንግ «ዶክተር ማቡዘ» ለሶቪየት ተመልካች እንዲስማማ እንደገና አቀናብሯል። የተቀረጸው ምስል ሳይለወጥ የፊልሙ መልእክት በመቀስና በማጣበቂያ ሊለወጥ እንደሚችል በገዛ እጁ አየ።

«አድማ» እና «የጦር መርከብ ፖተምኪን»

የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ «አድማ» በ1925 ወጣ። ፊልሙ በዛሩ ዘመን ስለተደረገና በኃይል ስለተጨፈለቀ የፋብሪካ ሠራተኞች አድማ ይተርካል። በመጨረሻው ክፍል ሠራተኞቹ በወታደር ሲገደሉ የሚያሳየው ምስል በቄራ ሲታረድ ከሚታይ በሬ ጋር እየተፈራረቀ ይቀርባል። በሬው በታሪኩ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ተመልካቹ ሰዎቹ እንደ ከብት መታረዳቸውን ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል።

ወዲያው የ1905ቱን አብዮት 20ኛ ዓመት የሚዘክር ፊልም እንዲሠራ መንግሥት አዘዘው። የመጀመሪያው ዕቅድ የዓመቱን ሁነቶች በሙሉ የሚሸፍን ሲሆን የፖተምኪን መርከበኞች አመፅ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነበር። በሌኒንግራድ የአየሩ ሁኔታ ለቀረጻ ስላልተመቸ ቡድኑ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጥቁር ባሕር ወደብ ወደ ኦዴሳ ተጓዘ፤ እዚያም አመፁ ብቻውን ፊልም ሆነ። የካሜራ ባለሙያው ኤድዋርድ ቲሴ ሲሆን ረዳቱ ግሪጎሪ አሌክሳንድሮቭ ነበር። ሁለቱም ለብዙ ዓመታት አብረውት ሠርተዋል።

ፊልሙ አምስት ክፍሎች አሉት። መርከበኞቹ ትል ያፈራ ሥጋ አንበላም ይላሉ። ሊረሸኑ ሲሉ አመፅ ይነሳል፤ መሪያቸው ቫኩሊንቹክም ይገደላል። አስከሬኑ በኦዴሳ ወደብ ሲቀመጥ የከተማው ሕዝብ ይሰበሰባል። ከዚያ ወታደሮች በትልቁ ደረጃ ላይ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ይተኩሳሉ። በመጨረሻም መርከቡ ሊያጠቃው በተላከው የጦር መርከቦች ስብስብ መካከል ሳይተኮስበት ያልፋል።

የደረጃው ትዕይንት በፊልም ትምህርት ቤቶች እጅግ ከሚጠኑት አንዱ ነው። የወታደሮቹ ቦት ጫማዎች በተስተካከለ ሰልፍ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ በየአቅጣጫው ይበተናል። ሁሉ ወደ ታች ሲሮጥ አንዲት እናት የቆሰለ ልጇን ታቅፋ ወደ ላይ፣ ወደ ወታደሮቹ ትወጣለች። ሌላዋ እናት በጥይት ስትወድቅ የሕፃን ጋሪዋ ብቻውን በደረጃው ላይ ይንከባለላል። እንቅስቃሴ ከእንቅስቃሴ፣ ቅርብ ምስል ከሩቅ ምስል፣ ሥርዓት ከትርምስ ይጋጫል። በእውነተኛው ሕይወት ፈጥኖ ሊያልቅ የሚችለው ነገር በፊልሙ ረዝሞ፣ ተለጥጦ ይታያል። ከጭፍጨፋው በኋላ በክራይሚያ በሚገኘው የአሉፕካ ቤተ መንግሥት የተቀረጹ ሦስት የድንጋይ አንበሶች ይከታተላሉ፤ አንዱ የተኛ፣ አንዱ ቀና ያለ፣ አንዱ የተነሣ። ድንጋዮቹ አልተንቀሳቀሱም፤ ተመልካቹ ግን አንድ አንበሳ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሲነሣ ያያል።

በ1905 በኦዴሳ ከተማ ሁከት ተነሥቶ ብዙ ሰው መሞቱ እውነት ነው። ፊልሙ በሚያሳየው መልክ በደረጃው ላይ የተፈጸመ ጭፍጨፋ ግን አልነበረም፤ ትዕይንቱ የአይዘንስታይን ፈጠራ ነው። ሆኖም ብዙ ሰዎች እንደ ታሪክ አምነውት ኖረዋል። የሞንታዥን ብርታትም አደጋም ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ፊልሙ ዲሴምበር 21 ቀን 1925 በሞስኮው የቦልሾይ ቲያትር ተመረቀ። በ1926 በኤድመንድ ማይዝል ሙዚቃ ታጅቦ በጀርመን ሲታይ ዝናው በዓለም ተሰማ። የሚፈሩትም በዙ፤ በጀርመን ሳንሱር ቆራረጠው፣ በብሪታንያም እስከ 1954 ድረስ ለሕዝብ እንዳይታይ ታግዶ ቆየ። በ1958 በብራስልስ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የፊልም ታሪክ ባለሙያዎች ድምፅ ሲሰጡ ከዓለም ፊልሞች አንደኛ ብለው መርጠውታል።

የሞንታዥ ንድፈ ሐሳብ

ሞንታዥ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን መግጠም ወይም ማገጣጠም ማለት ነው። የአይዘንስታይን የዘመን አቻ ቭሴቮሎድ ፑዶቭኪን ምስሎች እንደ ጡብ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረደሩ ታሪኩን ይገነባሉ ብሎ ያስተምር ነበር። አይዘንስታይን በዚህ አልተስማማም። ለእሱ ምስሎች የሚያያዙት በመጋጨት ነው። ሐሳቡን ያቆመው ከማርክስ ፍልስፍና በወሰደው የዲያሌክቲክ አስተሳሰብ ላይ ነው፤ አንድ ነገርና ተቃራኒው ሲጋጩ ከሁለቱም የተለየ አዲስ ነገር ይወለዳል።

በ1929 በጻፈው ጽሑፍ ወደ ጃፓን የጽሑፍ ምልክቶች ተመለሰ። የአፍ ምልክትና የወፍ ምልክት አንድ ላይ ሲጻፉ መዘመር ማለት ይሆናል። የቢላዋና የልብ ምልክት ሲጣመሩ ሐዘን ማለት ነው። እያንዳንዱ ምልክት በዓይን የሚታይ ነገርን ይወክላል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን በዓይን የማይታይ ሐሳብ ይገኛል። ይህ ድምር ሳይሆን ብዜት ነው አለ። ካሜራ የሚቀርጸው የሚታየውን ብቻ ስለሆነ፣ ሲኒማ የማይታየውን የሚናገርበት መንገድ ይኸው መሆኑን ተከራከረ።

በዚያው ዓመት ሞንታዥን በአምስት ከፈለው። የመጀመሪያው ሜትሪክ ሲሆን ምስሎች በርዝመታቸው ልክ ብቻ የሚቆረጡበት ነው። ሁለተኛው ሪትሚክ ነው፤ በምስሉ ውስጥ ያለው እንቅስቃሴም ከቁጥር ይገባል፣ ለምሳሌ በኦዴሳ ደረጃ የወታደሮቹ እርምጃ። ሦስተኛው የምስሉን ድባብ፣ ብርሃንና ጥላ የሚመለከተው ቶናል ሞንታዥ ነው። በፖተምኪን ፊልም ከሐዘኑ በፊት የሚታየው የወደቡ ጉም ለዚህ ምሳሌ ነው። አራተኛው ኦቨርቶናል እነዚህ ሁሉ ተዋህደው የሚሠሩበት ነው። አምስተኛውና እሱ ከሁሉ በላይ ያየው ምሁራዊ ሞንታዥ ነው፤ ይህም በስሜት ብቻ ሳይቆም ተመልካቹን ወደ አንድ ረቂቅ ሐሳብ የሚያደርስ ነው።

ምሁራዊ ሞንታዥን የሞከረው የ1917ቱን አብዮት አሥረኛ ዓመት አስመልክቶ በሠራው «ኦክቶበር» (1928) በተባለው ፊልሙ ነው። የጊዜያዊው መንግሥት መሪ አሌክሳንደር ኬሬንስኪ የቤተ መንግሥቱን ደረጃ ደጋግሞ ሲወጣ ይታያል፤ ምስሉም ላባውን ከሚዘረጋ መካኒካዊ ጣዎስ ጋር ይፈራረቃል። ተመልካቹ ከዚህ ስለ ከንቱ ኩራት ይረዳል። በሌላ ቦታ የተለያዩ ሃይማኖቶች ምስሎችና ጣዖታት በተከታታይ ይቀርባሉ፤ ዓላማው በሃይማኖት ስም የሚደረግን ጦርነት መንቀፍ ነበር። ብዙ ተመልካቾችና ሐያሲዎች ግን ፊልሙ ለመረዳት ከባድ እንደሆነ ተናገሩ። የካርል ማርክስን «ካፒታል» ራሱ ፊልም ለማድረግ ማስታወሻ ቢጽፍም አልሠራውም።

ፊልሙ ተጠናቆ ከመውጣቱ በፊት ሊዮን ትሮትስኪ ከፓርቲው ተባረረ። አይዘንስታይን ትሮትስኪ የሚታይባቸውን ክፍሎች ቆርጦ ለማውጣት ተገደደ። የምስል ቅንብር አዲስ ሐሳብ እንደሚፈጥር ያስተማረው ሰው፣ መቀሱ ሰውንም ከታሪክ ሊያወጣ እንደሚችል ያየው በራሱ ፊልም ላይ ነው። ስለ ገጠር ኅብረት ሥራ የሠራው ቀጣዩ ፊልሙም ከ«አጠቃላይ መስመር» ወደ «አሮጌውና አዲሱ» (1929) ስሙ ተቀይሮ ወጣ።

በዚሁ ዘመን ከዚጋ ቬርቶቭ ጋር የሰላ ክርክር ነበረው። ቬርቶቭ ተዋናይና የተጻፈ ታሪክ አያስፈልግም፣ ካሜራው ሕይወትን እንዳለ ይያዝ ይል ነበር። አይዘንስታይን ግን ማየት ብቻ አይበቃም፣ ፊልም ተመልካቹን እንደ ቡጢ መምታት አለበት ብሎ ተከራከረ። በ1928 ከፑዶቭኪንና ከአሌክሳንድሮቭ ጋር ባወጣው መግለጫ ደግሞ ገና የመጣው ድምፅ ያለው ፊልም ሞንታዥን እንዳይገድል አስጠነቀቀ። ድምፁ ምስሉን ከመድገም ይልቅ እንዲጋጨው ሐሳብ አቀረቡ።

በውጭ አገር

በ1929 ከቲሴና ከአሌክሳንድሮቭ ጋር የድምፅ ፊልምን ሊያጠና ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሄደ። በ1930 ፓራማውንት የተባለው የፊልም ኩባንያ በውል ወደ ሆሊውድ ወሰደው። በቲዮዶር ድራይዘር ልቦለድ ላይ የተመሠረተውን «የአሜሪካ አሳዛኝ ታሪክ» ጨምሮ ያቀረባቸው ጽሑፎች ተቀባይነት ሳያገኙ በዚያው ዓመት ውሉ ፈረሰ።

ከዚያ በአሜሪካዊው ደራሲ በአፕተን ሲንክሌርና በባለቤቱ ገንዘብ ድጋፍ ወደ ሜክሲኮ ተጓዘ። ስለ አገሪቱ ሕዝብ፣ ስለ ሞትና ስለ አብዮት የሚያወሳውን «ሜክሲኮ ለዘላለም ትኑር!» የተሰኘ ፊልም ከአንድ ዓመት በላይ ሲቀርጽ ቆየ። ወጪው ከታሰበው በላይ ሆነ፤ ከሲንክሌርም ጋር ተጣላ። ከሞስኮም ስታሊን ለሲንክሌር በላከው ቴሌግራም አይዘንስታይን በአገሩ ጓዶች ዘንድ አመኔታ ማጣቱን አስታወቀ። ቀረጻው በ1932 መጀመሪያ ቆመ። የተቀረጸው ፊልም በአሜሪካ ቀረና ሌሎች ሰዎች ቆራርጠው የተለያዩ ፊልሞች ሠሩበት። የትርጉም መፍለቂያ ቅንብር ነው ብሎ ለሚያምን ሰው፣ የራሱን ቀረጻ በራሱ እጅ ሳያቀናብር መቅረቱ ትልቅ ጉዳት ነበር።

የ1930ዎቹ ፈተና

በ1932 ወደ ሞስኮ ሲመለስ አገሩ ተለውጣ ነበር። በ1934 ሶሻሊስት ሪያሊዝም የኪነ ጥበብ ይፋዊ መመሪያ ሆነ፤ አዳዲስ የአሠራር ሙከራዎች ፎርማሊዝም እየተባሉ ይወገዙ ጀመር። አይዘንስታይን በሞስኮው የመንግሥት የፊልም ተቋም ማስተማር ላይ አተኮረ። አንዱ የማስተማሪያ ዘዴው ተማሪዎቹ ከታወቀ ልቦለድ የተወሰደን አንድ ሁነት ደረጃ በደረጃ ወደ ትዕይንትና ወደ ምስሎች እንዲከፋፍሉት ማድረግ ነበር። በ1935 በተደረገው የፊልም ሠራተኞች ጉባኤ የሙያ ባልደረቦቹ በመድረክ ላይ ነቀፉት፤ ንድፈ ሐሳብ መጻፉን ትቶ ፊልም እንዲሠራ ጠየቁት።

በዚያው ዓመት «የቤዢን መስክ» የተባለ ፊልም ጀመረ። ታሪኩ አባቱን ለመንግሥት ያጋለጠና በአባቱ እጅ የተገደለ የገጠር ልጅን ይመለከታል። ፊልሙ ተነቅፎ እንደገና ተጻፈ፤ ደራሲው ይስሐቅ ባቤልም በሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ረዳው። በማርች 1937 የሶቪየት ሲኒማ የበላይ ቦሪስ ሹምያትስኪ ሥራውን አስቆመው። አይዘንስታይን ስህተት መሥራቱን የሚያምን ጽሑፍ በይፋ ለማውጣት ተገደደ። የፊልሙ ቅጂ በኋላ ጠፍቷል። ከየቀረጻው ተቆርጠው የተቀመጡ ነጠላ ምስሎች ግን ተርፈው ስለነበር በ1967 በእነሱ አጭር ፊልም ተሠራ።

ዘመኑ የግድያ ዘመን ነበር። ሹምያትስኪ ራሱ በ1938 ተረሸነ። መምህሩ ሜየርሆልድና ባቤል በ1939 ታስረው በ1940 ተገደሉ። አይዘንስታይን የሜየርሆልድን የጽሑፍ ማኅደር ተቀብሎ በአገር ቤት መኖሪያው ደበቀው። የዚያ ማኅደር መትረፍ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ ለመረዳት ዘመኑን ማሰብ ይበቃል።

ወደ ሥራ የመለሰው በ1938 የሠራው «አሌክሳንደር ኔቭስኪ» ነው። ፊልሙ በ13ኛው መቶ ዘመን የጀርመን ባላባት ተዋጊዎችን በበረዶ በተሸፈነ ሐይቅ ላይ ስላሸነፈው የሩሲያ መስፍን ይተርካል። ሙዚቃውን የደረሰው ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ ነበር። አንዳንዴ ሙዚቃው ለተቀናበረው ምስል ይጻፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምስሉ ቀድሞ ለተጻፈው ሙዚቃ ይቆረጣል። አይዘንስታይን ከዚህ ልምድ ተነሥቶ ስለ ቁም ሞንታዥ ጻፈ። ሐሳቡ እንደ ኦርኬስትራ ኖታ ሁሉ ምስልና ድምፅ ከላይ ወደ ታች በአንድ ጊዜ እየተነበቡ ትርጉም ይፈጥራሉ የሚል ነው። በ1939 የሌኒን ኒሻን ተሸለመ። በኦገስት 1939 ሶቪየት ኅብረት ከናዚ ጀርመን ጋር የአለመጠቃቃት ስምምነት ስትፈርም ግን ፊልሙ ከየሲኒማ ቤቱ ተነሣ፤ ጀርመን በጁን 1941 ስትወር እንደገና ይታይ ጀመር። ፊልሙ አንድም ምስል አልተለወጠበትም፤ የተለወጠው ፖለቲካው ነው።

«ኢቫን አስፈሪው» እና የመጨረሻ ዓመታት

በጦርነቱ ጊዜ የሞስኮ ፊልም ሠሪዎች ወደ አልማ አታ (የዛሬዋ አልማቲ፣ ካዛኽስታን) ተዛወሩ። አይዘንስታይን በስታሊን ፈቃድ ስለ 16ኛው መቶ ዘመን ዛር ስለ ኢቫን አራተኛ ፊልም መቅረጽ የጀመረው እዚያ ነው። ስታሊን ኢቫንን አገር አንድ ያደረገ ጠንካራ መሪ አድርጎ ያይ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1945 ወጥቶ የስታሊን ሽልማትን አገኘ። በፌብሩወሪ 1946 ሽልማቱን ለማክበር በተደረገ ግብዣ ላይ አይዘንስታይን በልብ ድካም ወደቀ።

ሁለተኛው ክፍል የተለየ ነበር። ኢቫን በጥርጣሬና በብቸኝነት የሚሠቃይ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ጥቁር ለባሽ ጠባቂዎቹ የሽብር መሣሪያ ናቸው። የግብዣውና የጭፈራው ትዕይንት በቀለም ተቀርጾ ቀይ፣ ጥቁርና ወርቃማ ቀለሞች እንደ ሙዚቃ ይፈራረቃሉ። የአገሩ ተመልካች ይህን አይቶ የራሱን ዘመን ማስታወሱ አይቀርም ነበር። በሴፕቴምበር 1946 የኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ፊልሙን አወገዘ። በፌብሩወሪ 1947 ስታሊን፣ ሞሎቶቭና ዥዳኖቭ አይዘንስታይንንና ዋናውን ተዋናይ ኒኮላይ ቼርካሶቭን በሌሊት ክሬምሊን ጠርተው ፊልሙ እንዴት መታረም እንዳለበት ነገሯቸው። ዛሩ ወላዋይ ሆኗል የሚለው ከነቀፌታዎቹ አንዱ ነበር። አይዘንስታይን እርማቱን ለመሥራት ፈቃድ ቢሰጠውም ሳይነካው ሞተ። ሁለተኛው ክፍል ለሕዝብ የታየው በ1958 ነው።

ፌብሩወሪ 11 ቀን 1948 ሌሊት፣ ስለ ቀለም ፊልም የሚያትት ጽሑፍ እየጻፈ ሳለ በልብ ድካም ሞተ። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። በሞስኮው የኖቮዴቪቺ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ትችትና ውርስ

በአይዘንስታይን ሐሳብ ላይ ጠንካራውን ትችት ያቀረበው ፈረንሳዊው ሐያሲ አንድሬ ባዛን (1918–1958) ነው። ባዛን ሞንታዥ ትርጉሙን አስቀድሞ ወስኖ ለተመልካቹ ያጎርሰዋል ብሎ ያምን ነበር። በኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» (1941) እና በጣሊያን ኒዮሪያሊዝም ፊልሞች እንደሚታየው፣ ሳይቆረጥ የሚረዝም ቀረጻና ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ብሎ የሚታይ ምስል ዓይን የፈለገውን እንዲመርጥ ነፃነት ይሰጣል አለ። አይዘንስታይን በበኩሉ ተመልካቹ ሁለቱን ምስሎች በራሱ አእምሮ ስለሚያገናኝ የፊልሙ ተባባሪ ፈጣሪ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። የፊልም ተማሪዎች እስከ ዛሬ ትምህርታቸውን የሚጀምሩት ከሁለቱ ሰዎች ልዩነት ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው ትችት ፖለቲካዊ ነው። ቀደምት ፊልሞቹ የመንግሥት ቅስቀሳ ነበሩ፤ የኃይል እርምጃውንም የሚያሳዩት ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ቢሆንም ምስል ሰውን እንዴት እንደሚያሳምን ዘዴውን በግልጽ የጻፈው እሱ በመሆኑ፣ ጽሑፎቹ ቅስቀሳን ለመሥራት ብቻ ሳይሆን ቅስቀሳን ለይቶ ለማወቅም ያገለግላሉ። በማስታወቂያ ውስጥ አንድ ዕቃ ከሚስቅ ቤተሰብ አጠገብ ሲታይ፣ በዜና ውስጥ የአንድ ባለሥልጣን ንግግር ከፈረሰ ቤት ምስል ጋር ሲቀናበር የሚሠራው ያው ሕግ ነው።

የአሠራሩ ፈለግ በብዙ አገሮች ይታያል። የአርጀንቲናዎቹ ፈርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ጌቲኖ በ1968 በሠሩት «የእቶኖች ሰዓት» የቄራ ምስልን ከማስታወቂያ ምስሎች ጋር አፈራርቀዋል። ብራያን ደ ፓልማም በ1987 በሠራው «አንተቸብልስ» በተባለ ፊልም የሕፃን ጋሪውን ትዕይንት በአሜሪካ ባቡር ጣቢያ ደግሞታል።

ከጽሑፎቹ ውስጥ በእንግሊዝኛ በ1942 እና በ1949 የወጡት ሁለት ስብስቦች በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች ተሰራጭተዋል። ሁለቱንም የተረጎመው የቀድሞ ተማሪው ጄይ ሌይዳ ነው። ስለ ሞንታዥ፣ ስለ ዳይሬክተር ሥራና ስለ ኪነ ጥበብ ዘዴ የጻፋቸው ትላልቅ ሥራዎች አብዛኞቹ ሳይጠናቀቁ ቀርተው ከሞቱ በኋላ ታትመዋል። ሥዕሎቹንና የእጅ ጽሑፎቹን በአደራ ጠብቃ ለመንግሥት ማኅደር ያስረከበችው ባለቤቱ ፔራ አታሼቫ ነበረች።